ሲረገጥ የሚያመነታ ሞተር

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የምናያቸው አሮጌ ቮልስዋገኖችና ላዳዎች ብዙ ጊዜ አንድ ሕመም ይጋራሉ። አሽከርካሪው የቤንዚን መስጫውን ፔዳል በድንገት ሲረግጥ፣ ሞተሩ ጉልበት በመጨመር ፈንታ ለቅጽበት ያመነታል፤ ከዚያ በኋላ ተስፈንጥሮ ይነሣል። የጭነት መኪና እየቀረበ ሳለ አደባባይ ለሚያቋርጥ ሰው ይህች ቅጽበት ቀላል አይደለችም። መንስኤዋ ምን ይሆን?

ካርቡራተር የሚሠራው በበርኑሊ መርሕ ነው። አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የግፊቱ ልዩነትም ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ ይስበዋል። 1 ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 14.7 ግራም ገደማ አየር ያስፈልገዋል። ፔዳሉ በዝግታ ሲረገጥ ይህ ምጣኔ እምብዛም አይናጋም። በድንገት ሲረገጥ ግን የቤንዚን ጥግግት ከአየር ከ600 እጥፍ በላይ በመሆኑ አየሩ ቀድሞ ይገባል፤ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት በእኛ አስተያየት ይበልጥ የሚደንቅ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ከካርቡራተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ቤንዚኑ በቀላሉ ይተናል። የአየሩ በር ሲከፈት ግፊቱ በድንገት ያሻቅባል፤ ከተነነው ቤንዚን ከፊሉም ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሲሊንደሩ ጋ የሚደርሰው ቅልቅል ቤንዚን ያነሰው ይሆናል። ማመንታቱ ይኸው ነው።

መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ በካርቡራተሩ ላይ ትንሽ የማፋጠኛ ፓምፕ ጨምረዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፓምፑ ጥቂት ቤንዚን በቀጥታ ወደ ጉሮሮው ይረጫል። ስስ የሆነው የጎማ ዲያፍራሙ በዕድሜ ብዛት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግን ይህ እርዳታ ይቋረጣል።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የአየር ማጣሪያውን አንሥተን የአየሩን በር በእጃችን ከፈት እናድርግ። (ሲጋራም ሆነ ክብሪት በአካባቢው ከቶ አይኑር፤ የቤንዚን ተን ለመቀጣጠል ብልጭታ ይበቃዋል።) ወዲያው ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ካልታየ ወይም የሚንጠባጠብ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የፓምፑ ነው ወይም የመርጫው ቀዳዳ ተደፍኗል። ፍንጣቂው ደኅና ከሆነና ቾኩን በጥቂቱ ስንስብ ማመንታቱ ከቀነሰ፣ አየር በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህም ካልሆነ ወደ ፑንቲናውና ወደ ካንዴላው እንሄዳለን።

አንዳንድ ጋራዦች ግን ምርመራውን ዘለው የካርቡራተሩን ዋና ቀዳዳ ያሰፋሉ። በከተማችን ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲሠራ ቀድሞውንም ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ለቅጽበታዊ እጥረት ዘላቂ ትርፍ የታዘዘላት መኪና የእንጦጦን ዳገት ጥቁር ጭስ እየተፋች ትወጣለች፤ ካንዴላዎቿም ብዙም ሳይቆዩ ጥላሸት ይለብሳሉ።