የዶለዶመ መሮ ይዛችሁ ቶርኖ ፊት አትቁሙ

የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ዘነዘናና ገበቴ የምታወጡ የእንጨት ቶርኖ ባለሙያዎችና ለማጆች፦ ብዙ ሰው የሚፈራው የተሳለ መሮ ነው። የባሰው አደጋ ግን የዶለዶመው ነው። ስለት ያጣ መሮ አይቆርጥም፤ ሠራተኛው ይገፋዋል፣ ሲገፋው እንጨቱ ይነክሰዋል፣ ከነከሰው ደግሞ ከእጅ ይመነጭቀዋል። ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ስለት ቶሎ ይበላል። ጥቅልል ፍቅፋቂው ቀርቶ አቧራ መውጣት ሲጀምር ማሽኑን አጥፉና መሮውን ሳሉ።

የመሞረጃውን ድንጋይ ከመግጠማችሁ በፊት በእንጨት እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ተሰንጥቋል፣ ጣሉት። ሲነሳ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቁሙ። በድንጋዩና በመደገፊያው መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ። አልሙኒየም አትሞርዱበት።

የካርቦን ብረት መሮ ጫፉ ሰማያዊ ከመታው ጥንካሬው ሄዷል፤ ሳይግል ቶሎ ቶሎ ውኃ አስነኩት። ሃይ ስፒድ የሚባለውን ግን ግሎ ሳለ ውኃ ውስጥ አትክተቱ፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። እሱ ሙቀት ይችላል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። አሮጌ ሞረድ ስለው መሮ የሚያደርጉ አሉ። የሞረድ ብረት እጅግ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህም አይታጠፍም፣ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የሚሽከረከር እንጨት ሲነክሰው ስባሪው ወደ ማን ፊት እንደሚበር ማንም አያውቅም። ገንዘብ ቢያጥርም ይህን አታድርጉ።

መሮውን መጀመሪያ ማሳረፊያው ላይ፣ ቀጥሎ የስለቱን ጀርባ እንጨቱ ላይ አስደግፉ፤ ከዚያ እጀታውን በቀስታ አንሱ፣ ስለቱ ራሱ ይገባል። ለአልጋ እግር ማውጫ የተሠራውን ትልቁን ጎድጓዳ መሮ ለገበቴ አትጠቀሙ፤ እጀታው ውስጥ የሚገባው አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል። ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር ለሆነ ገበቴ በደቂቃ ከ500 እስከ 750 ዙር ይበቃል፤ ገና ላልተስተካከለ እንጨት ከዚያም ይቀነስ። ከማብራታችሁ በፊት እንጨቱን በእጅ አዙራችሁ የሚነካው ነገር እንደሌለ እዩ።

ጓንት፣ ነጠላ፣ ቀለበት፣ የተንዘረፈፈ እጅጌ ቶርኖ አጠገብ አይድረስ፤ ፀጉርም ይታሰር። በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ ማሳረፊያውን አንሱ።

መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ወዲያው አጥፉ። ክፍት ከተተወ፣ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ እጃችሁ እንጨቱ ላይ እያለ ሊነሳ ይችላል።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ሰጋቱራውንም በየቀኑ አንሱ።

የወርክሾፕ ባለቤቶች፦ የፊት መከለያ ገዝታችሁ ከማሽኑ አጠገብ ስቀሉ። ለማጁ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ።