ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች
(ከቤታቸው ርቀው ለሚማሩ ወጣቶች)

በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች የአባትና የእናታቸውን ቤት ትተው ወደ ተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። ለጎንደሩ ልጅ ጅማ፥ ለአርባ ምንጩ ልጅ ደብረ ብርሃን ሊደርሰው ይችላል፤ አየሩም ምግቡም እንግዳ ይሆንበታል። በአንድ ክፍል ከብዙ ባልንጀሮች ጋር እያደረ፥ የልቡን የሚያካፍለው ሰው ያጣ ተማሪ ጥቂት አይደለም። በሰው መካከል ብቻ መሆን እጅግ የሚከብድ ነውና፥ ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

አስቀድመን ብሕትውናንና ብቸኝነትን እንለይ። ብሕትውና መናኙ በማኅበር ኖሮ፥ በአባቶች ምክር ተፈትኖ፥ በፈቃዱ የሚገባበት ሕይወት ነው። ብቸኝነት ግን ሳይወዱ የሚወድቁበት የልብ ሕመም ነው። የሃይማኖት ጉድለት ነው ብለን አንፍረድ፤ ነቢዩ ኤልያስም ደርሶበታልና።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈ፥ ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሲሸሽ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር እንዴት እንዳነሣው እናስተውል።

አንደኛ፥ አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ በመልአኩም እጅ ሁለት ጊዜ መገበው። እንግዲህ ያዘነ ተማሪ እንቅልፉንና ማዕዱን አይተው። ከኀዘን የተነሣ እህል መተው ጾም አይደለም።

ሁለተኛ፥ በኮሬብ ጠየቀው፤ ምሬቱንም ሁለት ጊዜ ሲናገር ሰማው። ተማሪውም የታመቀውን ለንስሐ አባቱ፥ ለታመነ ወዳጁ ወይም ለተማሪዎች አማካሪ ይንገር።

ሦስተኛ፥ ብቻዬን ቀረሁ ላለው ነቢይ፥ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ገለጠለት። ኤልያስ አላያቸውም እንጂ ነበሩ። በማዶው አልጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ የተኛው ባልንጀራም ምናልባት ያንኑ ኀዘን ያዝን ይሆናል።

አራተኛ፥ ሥራና ባልንጀራ ሰጠው፤ ሄዶ ኤልሳዕን አገኘ። የቆሎ ተማሪዎቻችንም በሩቅ አገር የጸኑት በዚህ ነው፤ በየደጁ ለምነው ያገኙትን ቁራሽ አብረው ይበላሉ፤ ታላቁ ለታናሹ ቀለም ያስቀጽላል፤ የታመመውን ጤነኛው ያስታምማል። በዛሬው የተማሪዎች ማደሪያም ማዕድን ለብቻ አለመብላት፥ ትምህርትን አብሮ ማጥናት፥ በግቢ ጉባኤም ተገኝቶ በአገልግሎት መሳተፍ ብዙዎችን ደግፏል።

ነገር ግን ባልንጀራችን ከማዕድ ቢርቅ፥ ሌሊቱን ሳይተኛ ቢያነጋ፥ ይልቁንም ሞትን የሚመኝ ቃል ቢናገር፥ ቀልድ ነው ብለን አንለፈው። ብቻውን ሳንተወው ፈጥነን ወደ ሐኪም እናድርሰው፤ ጸሎትና ጠበል ሕክምናን አይከለክሉም።

መልአኩ ኤልያስን የቀሰቀሰው እጁን ዘርግቶ በመዳሰስ ነው። እኛም በአጠገባችን ላለው እንዲሁ እንሁንለት፤ ዛሬ ማታ ወደ ማዕድ ስንሄድ ብቻውን የቀረውን ጠርተን እንሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።