ማሳሰቢያ፦ ወደ ኔታንያ ገበያ በመኪና ለምትመጡ

ዓርብ ረፋድ ላይ የገበያው ዙሪያ በመኪና ይጨናነቃል፤ ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ይቸኩላል። በዚህ መሀል የአንዱ ፍሬቻ ወይም የፍሬን መብራት እምቢ ካለ ጣጣው ለኋለኛውም ይተርፋል። ሙሳኾች (ጋራዦች) ደግሞ እኩለ ቀን ላይ መዝጋት ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንዲት ፊውዝ ነውና የሚከተለውን ልብ በሉ።

መኪናው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቀይና ነጭ የተቀባ ጠርዝ ላይ አቁማችሁ ኮፈን አትክፈቱ፤ ሰማያዊና ነጭ ወዳለበት ውሰዱት። ከከተማ ውጭ ከሆናችሁ አንጸባራቂውን ሰደርያ ሳትለብሱ አትውረዱ።

ፊውዝ ከመንቀላችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉንም አውጡ። ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው፦ አንዱ ከመሪው በታች ወይም ከዕቃ መያዣው ኋላ፣ ሌላው ኮፈን ሥር ከባትሪው አጠገብ። የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ ክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ ተሥሏል። ጽሑፉ የሚያስቸግራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቤት ሳላችሁ ልጆች አንብበው በአማርኛ ጽፈው ይለጥፉላችሁ። ገበያ መሀል ሲቸግር የልጅ ልጅ ስልክ አያነሣም።

የነቀላችሁትን ወደ ብርሃን አቅኑት። በፕላስቲኩ ውስጥ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚሻገር ቀጭን ብረት ይታያል፤ ተበጥሶ ከሆነ ወይም ጥቁር ጥላሸት ከቀባው፣ ፊውዙ ሄዷል። ዓይን የሚያመልጥም አለ። ቴስተር መብራት ያለው ሰው ሳይነቅል፣ ቁልፉ በርቶ፣ በጀርባው ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች ይንካ። ሁለቱም ላይ ከበራ ደህና ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ ከበራ ተበጥሷል። ሁለቱም ላይ ካልበራ ኤሌክትሪክ ወደዚያ ፊውዝ እየደረሰ አይደለምና ፊውዙን ከመውቀስ በፊት ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ቁጥር አትቀይሩ። ቡናማ 7.5 አምፔር ነው፣ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ ቀለም የለሹ 25፣ አረንጓዴ 30። ቀይ በነበረበት ቀይ ብቻ ይገባል። «ሁልጊዜ ስለሚበላ ከፍ ያለ አድርግበት» የሚል ወዳጅ አይጠፋም፤ አትስሙት። ፊውዙ የተመጠነው ከኋላው ላለው ሽቦ ነው። 30 ስትከቱበት ፊውዙ መቅለጡን ይተውና ምንጣፍ ሥር የተቀበረው ሽቦ ይቀልጣል። የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መክተትም ያው ነው። ከጎንደር ደባርቅ ሲኬድ መንገድ ላይ ለቀረ ሾፌር ያ ሙያ ነበር፤ ፊውዝ እንደ ልብ በሚገኝበት በዚህ አገር ግን ሰበብ የለውም። ለየቁጥሩ ሁለት ሁለት መለዋወጫ መኪናው ውስጥ ይኑር፤ ስትገዙ መጠናቸውንም አስተያዩ፣ ትንሹ ዓይነት በትልቁ ቦታ አይገባም።

የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ሥራ ካቆመ መጀመሪያ ውስጡን እዩ። ከገበያ መልስ የተወረወረች የ1 ሸቄል ሳንቲም ዘው ትልበትና ሾርት ታደርጋለች። ቁልፉን አጥፍታችሁ፣ ፊውዙን ነቅላችሁ ነው የምታወጧት። ሶኬቱ ሲሠራም አትጫኑት፦ በ12 ቮልት 15 አምፔር ማለት 180 ዋት ነው፤ ጎማ መንፊያና ማቀዝቀዣ በአንድ ማከፋፈያ ደርቦ መሰካት ፊውዝ ያስበላል።

አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከሄደ ሌላ አትጨምሩ። የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ከቦዲው ጋር ተነካክቷል ወይም ሞተሩ ተይዟል፣ ለምሳሌ የዝናብ መጥረጊያው። ይህ የመኪና ኤሌትሪሽያን ሥራ ነው። ኔታንያ ባሕር ዳር ስለሆነች ጨዋማው እርጥበት የፊውዝ እግሮችንና የአምፖል ማቀፊያዎችን አረንጓዴ ዝገት ያለብሳል፤ ፊውዙ ደህና ሆኖ መብራቱ እምቢ ካለ ይህንን ጠርጥሩ። ስታጸዱ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ።

ከጥቅምት ወር አጋማሽ ጀምሮ መብራታችሁን አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ በአውሮጳ አቆጣጠር ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ወደ 2 ወይም 4 ቁጥር መንገድ ስትወጡ በቀንም መብራት ማብራት ግዴታ ነው።

ሃይብሪድ ያላችሁ፣ ብርቱካንማ ኬብል አትንኩ። ቢጫ የኤርባግ ሶኬትም እንዲሁ።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወይም ጭስ ካያችሁ ሞተር አጥፉ፣ ሰውን ሁሉ አስወርዱ፣ ከድንኳኖቹ አጠገብ ያሉትንም አርቁ። ኮፈኑን ብድግ አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይብሳል። ወደ 102 ደውሉና የቆማችሁበትን መንገድ ስም ንገሩ፤ «ገበያው ጋ» ማለት ብቻውን አይበቃም።