የግድብ ዕድሜ እንዴት እንደሚገመት

የግድብን ዕድሜ ለመገመት የፈለገ ሰው ግንቡን ብቻ ቢመለከት ይሳሳታል፤ ግንቡ ሳይሰነጠቅ ሐይቁ ሊሞላ ይችላልና። በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ የተፈጸመው የቆቃ ግድብ ለዚህ ምስክር ነው። ግንቡ ጸንቶ ሳለ፣ ከታረሰው ተዳፋት በክረምት ጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው አፈር፣ የሞጆም ወንዝ የሚያመጣው ጭምር፣ ለውሃ የተዘጋጀውን ስፍራ እያጠበበው ኖሯል።

መሐንዲሶች ከሐይቁ ሥር ለደለል የሚሆን ቦታ አስቀድመው ይተዋሉ። ዳሩ ግን ደለል በተመደበለት ስፍራ ብቻ አይተኛም፤ ወንዙ ወደ ሐይቁ ሲገባ ኃይሉ ስለሚበርድ አሸዋው እዚያው መግቢያው ላይ ይወድቃል፤ እስከ ግንቡ የሚደርሰው የላመው ጭቃ ነው። ስለዚህ በግንቡ አጠገብ ብቻ ጥልቀት ያስለካ ሹም የጎደለውን ውሃ ልክ አያገኘውም። የሚጎድለውም በበጋ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨውና ከግድቡ በታች ያለውን የወንጂን ሸንኮራ የሚያጠጣው ውሃ ነው።

አዲስ ግድብ የሚለምን የአካባቢ አስተዳዳሪ እንግዲህ የድንጋይና የሲሚንቶ ሒሳብ ከማቅረቡ በፊት ከወንዙ በላይ ያለውን አገር ዞሮ ይመልከት። የክረምቱንም ውሃ በየሳምንቱ በጠርሙስ አስቀድቶ፣ ሲረጋ ምን ያህል ጭቃ እንደሚተው ያስመርምር። የእርከንና የዛፍ ተከላ ወጪም ከግድቡ ወጪ ጋር በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ የላይኛው ባለመሬት ከታችኛው ሐይቅ ጥቅም ስለማይደርሰው በገዛ ገንዘቡ አይሠራውምና።