የሙሳ ውልና የእኛ ቃለ መጠይቅ

ባለፈው ከመገናኛ በኮተቤ አድርጌ ካራ ለቃለ መጠይቅ ሄጄ ነበር። ማስታወቂያው የሒሳብ ሠራተኛ በቋሚ ደመወዝ ይላል። ስገባ ሥራው ዕቃ ማሻሻጥ፣ ክፍያው ኮሚሽን ብቻ ሆነ። «ደመወዙ ከሙከራ በኋላ ይታሰብበታል» አሉኝ። ሙከራው ስንት ቀን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሱረቱል ቀሶስ ትዝ አለችኝ። በአንቀጽ 26 ልጅቱ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥረው አባቷን ስትጠይቅ ብርታቱንና ታማኝነቱን ታነሳለች። ለቃለ መጠይቅ ስንዘጋጅ የምናስበው ይህንኑ ብቻ ነው። አንቀጽ 27 ላይ ግን ተናጋሪው አሠሪው ነው፦ ልጁን ሊድርለት፣ ጊዜው 8 ዓመት፣ 10 ቢሞላ በሙሳ ፈቃድ፤ ሊያስቸግረው እንደማይሻም ይጨምራል። ሙሳም በአንቀጽ 28 ውሉን ደግሞ አላህን ምስክር አደረገ። ሸሽቶ የመጣ ስደተኛ ነበር እኮ! ችግሩ ውሉን አላድበሰበሰውም።

የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ያዛል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቃለ መጠይቅ አለኝ፣ ኢንሻአላህ። ሦስት ጥያቄ ጽፌ ይዣለሁ፦ ሥራው ምንድን ነው? ክፍያው ስንት ነው? ሙከራው መቼ ያልቃል?