የሳንባ ምችና አጋላጭ ምክንያቶቹ

ሀ. ምንባብ

ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ በሽታን የሚያመጣ ነገርና ለበሽታ የሚያጋልጥ ነገር በምን እንደሚለያዩ አስተውሉ።

«ምች መታው» ማለት በአገራችን የተለመደ አነጋገር ነው። ፀሐይ ያገኘው ሰው በድንገት ሲያተኩሰው፣ ራሱን ሲያመውና ከንፈሩ ሲቆስል ምች እንደ መታው ይነገራል፤ ዳማከሴም ተጨምቆ ይሰጠዋል። የሳንባ ምች ግን በስም ይመሳሰል እንጂ ከዚህ የተለየ ነው። ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የአየር ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ሲሞሉ የሚከሠት በሽታ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 740,180 ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል።

እነዚህ ሕፃናት በድንገተኛ ምት የወደቁ አይደሉም። በሽታውን ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዳንዶቹ በጤናማ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ጉዳት ሳያደርሱ ይኖራሉ። ወደ ሳንባ ወርደው የሚያሸንፉት መንገድ የተጠረገላቸው እንደ ሆነ ነው። ይህን መንገድ የሚጠርጉት ሁኔታዎች አጋላጭ ምክንያቶች ይባላሉ።

በጌዴኦ ዞን የምትገኘውን ሬኮን የመሰለ፣ ቡናና እንሰት የሚበቅልበት የገጠር መንደር በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። በእንዲህ ያለ መንደር ማገዶ የሚነድደው ብዙውን ጊዜ እቤት ውስጥ ነው። ቤቱ መስኮት ከሌለው ጢሱ አይወጣም። እናት ምግብ ስታበስል ሕፃኑ ከጀርባዋ ታዝሏል፣ ወይም ከምድጃው አጠገብ ተኝቷል፤ ስለዚህ እርሷ የምትስበውን ጢስ እርሱም ይስባል። ጢሱ የአየር ቧንቧን የሚያጸዱትን ረቂቅ ፀጉሮች ያደክማል። ቤቱ ጠቦ ቤተ ሰቡ ሲበዛ ደግሞ የአንዱ ሳል ለሌላው ይተርፋል። ስድስት ወር ሳይሞላው ከእናት ጡት ሌላ ምግብ የጀመረ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ክትባቱን ያልጨረሰ ሕፃን ከሌሎቹ ይልቅ ለአደጋ ቅርብ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ቶሎ የማይታሰብ አንድ አጋላጭ ምክንያት አለ፤ እርሱም ከፀሐይ መራቅ ነው። ብዙ እናቶች ምችንና የሰው ዓይንን በመፍራት ጨቅላ ሕፃን ከቤት አያወጡም፤ ቢያወጡም ሸፋፍነው ነው። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ጥናቱ በሳንባ ምች የታመሙትን ሕፃናት ካልታመሙት ጋር አነጻጸረ። ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መልፈስፈስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሪኬትስ በአብዛኛው የሚመጣው ከቫይታሚን ዲ እጥረት ነው፤ ይህን ቫይታሚን ደግሞ ቆዳችን በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ይሠራዋል። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን በሚገባ መተንፈስና አክታውን ማስወጣት ይሳነዋል። እንግዲህ ከምች ይድናል ተብሎ ከፀሐይ የተሸሸገው ሕፃን ለሳንባ ምች ተጋለጠ ማለት ነው።

የተጠረገውን መንገድ መዝጋት ግን ይቻላል። አገራችን የሳንባ ምችን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋነኛውን የሚከላከለውን ክትባት በ2004 ዓ.ም. መስጠት ጀምራለች። ሕፃኑን በወቅቱ ማስከተብ፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት፣ ለጢሱ መውጫ ማበጀትና ገላውን የጧት ፀሐይ ማሞቅ ከብዙ ቤተ ሰብ አቅም በላይ አይደሉም። የሚያስለው ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው በደቂቃ 60 ጊዜ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ጊዜ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ዳማከሴ ሲጨመቅ ጊዜ ሊያልፍ አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለ. ሰዋስው

«ገለጠ» ማለት መሸፈኛን አነሣ ማለት ነው። «ተጋለጠ»፣ «አጋለጠ» እና «አጋላጭ» የሚሉት ቃላት ከዚሁ ግሥ የወጡ ናቸው። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ባክቴሪያ የሳንባ ምችን ያመጣል።
2. ጢስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

«አመጣ» የሚለው ግሥ በሽታውን ራሱን ተሳቢ አድርጎ «ን» ያስከትላል። «አጋለጠ» ግን በ«ን» የሚያመለክተው ተጎጂውን ነው፤ በሽታውን የምናውቀው በ«ለ» ነው። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ያጋልጣል» በማለት ፈንታ «ያመጣል» ብንል ጢስ ያለበት ቤት ሁሉ በሽተኛ አለበት እንደ ማለት ይሆናል።

ሐ. መልመጃ

1. የሳንባ ምች «ምች» በመባሉ ምን ዓይነት ስሕተት ሊከተል ይችላል? ከምንባቡ ማስረጃ በመጥቀስ አስረዱ።
2. በምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ» እና «እንግዲህ» የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለዩ።
3. ሕፃን ሸፍነው ለሚያሳድጉ አንዲት ጎረቤት፣ ፍርሃታቸውን ሳትንቁ የጧት ፀሐይን ጥቅም የሚያስረዳ የአንድ ገጽ ደብዳቤ በአክብሮት አነጋገር ጻፉ።