የቡና ልጣጭና ገለባ ማገዶ ስለሚሆኑበት መንገድ

በጌዴኦ ምድር በቡና ለቀማ ወራት፣ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌና ኮቸሬ በየመፈልፈያው ደጃፍ የሚከመረው ተረፈ ምርት ክብደቱ ከንጹሑ ቡና አያንስም። ብዙው ነጋዴ ይህን ክምር እንደ ጉድፍ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን የሚነድ ሀብት ነው። ሆኖም ገንዘቡን ሊያወጣበት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ርጥቡን ከደረቁ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ርጥቡ፣ እሸት ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ልጣጭ ነው። ከ100 ኪሎ እሸት ቡና 40 ኪሎ ያህል ልጣጭ ሲገኝ፣ ከዚህ ውስጥ 30 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። ይህን በእሳት አድርቆ ማንደድ የሚገኘውን ሙቀት ግማሽ ያህል ውኃውን ለማትነን ማባከን ይሆናል። ስለዚህ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ተብላልቶ ባዮጋዝ ቢሆን ይሻላል። በዚህም በኩል ችግር አይታጣም፤ በልጣጩ ያሉት ታኒንና ካፌይን ጋዙን የሚያስገኙትን ረቂቅ ነፍሳት ያዳክማሉ። የከብት እበት መቀላቀል ይረዳል፤ ግን በጌዴኦ መሬቱ ጠባብ፣ ከብቱም ጥቂት ነው። ለቀማው ሲያልቅም ጉድጓዱ የሚበላው ያጣል። ይሁን እንጂ ልጣጩ ወንዝ ውስጥ ሲጣል የውኃውን ኦክሲጅን ስለሚጨርስ፣ በታች ያለው ሰው የሚጠጣው ይበላሻል። ይህ ኪሳራ በነጋዴው መዝገብ አይጻፍም እንጂ ከፋይ አለው።

ጀንፈል ሲቀሸር የሚወጣው ደረቅ ገለባ ግን ለመጀመር የተመቸ ነው። ከ2 ኩንታል ጀንፈል 1 ኩንታል ገደማ ገለባ ይወጣል። ይኸውም በበርሜል ውስጥ በጥቂት አየር ከስሎ፣ ተፈጭቶ፣ በስታርች ወይም በሸክላ ጭቃ ተለውሶና ተጨምቆ ሲደርቅ ብሪኬት የሚባለው ጥፍጥፍ ከሰል ይሆናል። ገለባውን እንዳለ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ አጓጉዞ አዲስ አበባ ማድረስ አያዋጣም፤ ቀላል ስለሆነ የጭነት መኪናው ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። እንግዲህ መጭመቂያው መኪና ወደ ገለባው መምጣት አለበት።

በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የተሠራው ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ 5 እጅ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ መጀመሩ የሚታወስ ነው። በዚያ ሞላሰሱ በአንድ ግቢ ይከማቻል፤ የጌዴኦ ቡና ግን በብዙ ትንንሽ መፈልፈያዎች የተበተነ ነው።

ገለባውም ጌታ የሌለው ዕቃ አይደለም። ቡናን ከእንሰትና ከዛፍ ጋር አስማምቶ የያዘው፣ ዩኔስኮም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ እርሻ የሚለማው ወደ አፈሩ በሚመለሰው ብስባሽ ነው። ገለባው ሲነድ አመዱ ቢመለስለት ገበሬው ፖታሲየሙን ያገኛል፤ ናይትሮጂኑ ግን በእሳት ስለሚጠፋ ዋጋው ከከሰሉ ትርፍ ላይ ሊቀነስ ይገባል።